የአያ ተሻገር መቀመጫ

ሰው ሕመሙን ዋጥ አድርጎ "ደህና ነኝ" ሲል ጣል የሚደረግበት አንድ አባባል አለ። ከመድኃኒት አዋቂ ቤት የወጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የድሮ ሰዎች ግን የወጣው ከሽምግልና ነው ይላሉ፤ ያውም ልጅ ለመለመን ከተሄደበት ሽምግልና።

አያ ተሻገር በዳሞት በኩል ስማቸው የተጠራ ሽማግሌ ነበሩ። የተጣላ ያስታርቃሉ፣ የከረረ ያላላሉ፣ አንደበታቸው ቅቤ ነው። ነውራቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ሰው "አሞዎታል እንዴ?" ብሎ ከሚጠይቃቸው ሞታቸውን ይመርጣሉ። አባትና እናቱ የሞቱበትን የወንድማቸውን ልጅ አዝመራውን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አዝመራው የባላምባራስ ይመኑን ልጅ የሺእመቤትን ወድዶ እህል ውሃ አልቀምስ ሲል፣ ሌላ ሰው መላክ አላስቻላቸውም። "እኔው ራሴ እሄድልሃለሁ" አሉት።

መሄጃቸው ሲደርስ ግን ከማይሆን ቦታ ላይ ብጉንጅ ወጣባቸው። ቦታውን መናገር ያስነውራል፤ በአጭሩ፣ ሰው ሲቀመጥ ቀድሞ ወንበር የሚነካው ቦታ ላይ ነው። አብረዋቸው የሄዱት ቄስ ምህረቱ በቅሏቸው ላይ ለምን እንደማይቀመጡ ቢጠይቋቸው፣ "ደክማለች፤ ትረፍ ብዬ ነው" አሉና ያን ሁሉ ዳገት እየሳቧት ወጡ። በቅሎዋ እንደዚያ ያለ ደግ ቀን አይታ አታውቅም።

ባላምባራስ ይመኑ ቁጡ ናቸው፤ እንግዳ ግን ያከብራሉ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቆመው የመጡበትን ነገር ተናገሩ። አያ ተሻገርም ሕመማቸውን ረስተው የልጁን ጨዋነትና ታታሪነት አሳምረው አወሩ። ባላምባራስ ደስ አላቸው። "መልካም፤ እስቲ አረፍ በሉና እንነጋገር" ብለው፣ ሰው የማያስቀምጡበትን የራሳቸውን ወንበር ለአያ ተሻገር ለቀቁ። ቄስ ምህረቱ ከመደቡ ላይ ተቀመጡ። አያ ተሻገር ግን እንደቆሙ ቀሩ።

"ይቀመጡ እንጂ፣ አያ ተሻገር።"

"ይመስገነው፣ ደህና ነኝ። ሆዴን ትንሽ ነክቶኝ፣ ቆሜ ይሻለኛል ብዬ ነው።"

ይህን የባላምባራስ ባለቤት እመት አንጓች ከጓዳ ሆነው ሰሙ። የእመት አንጓች ጓሮ በጤና አዳም የታወቀ ነው። አይቡም እርጎውም እሱ ካልገባበት አይጥማቸውም፤ ለመድኃኒትም ቢሆን ከሱ ሌላ አያምኑም። ወጥተው ቀነጠሱ፣ ወቅጠው ጨመቁ፣ በአረቄ በጥብጠው አመጡ። አያ ተሻገር ፊታቸውን አጨማደው ጨለጡት።

"አሁንስ አረፍ ይበሉ" አሉ እመት አንጓች።

"ሆዴስ ተወኝ፤ እድሜ ይስጥዎት። አሁን ወገቤ ነው እንጂ..."

እመት አንጓች ተመልሰው ቀነጠሱ። ቅጠሉን በቅቤ አሙቀው መጡና፣ "በሉ በሆድዎ ጋደም ይበሉ፤ ቄሱ ይሹዎታል" አሏቸው። አያ ተሻገር ጀርባቸውን ከግድግዳው አጣበቁ።

"ወገቤም ለቀቀኝ። ራሴን ነው የያዘኝ።"

እንደገና ተቀነጠሰ፤ በጨርቅ ተቋጥሮ እንዲያሸቱት ተሰጣቸው። አሸተቱና አነጠሱ፤ ሲያነጥሱ ብጉንጁ ነዘራቸው፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ቄስ ምህረቱ ጠጋ ብለው፣ "ኧረ ይቀመጡ፤ የሰውየው ፊት እየተለወጠ ነው" አሏቸው በሹክሹክታ።

እውነትም እየተለወጠ ነበር። ባላምባራስ የሆድና የወገቡን ወሬ ማመን ትተዋል። ተቀመጥ ተብሎ የማይቀመጥ እንግዳ ቤቱን የናቀ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

"አያ ተሻገር፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ምንድን ነው ያስቸገረዎት?"

አያ ተሻገር ላብ አጠመቃቸው። ከዚህ በላይ መዋሸት አቃታቸው። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ "ባላምባራስ፣ ያስቸገረኝስ መቀመጫ ነው" አሉ።

ቋንቋችን እንዲህ ነው፤ ለወንበሩም ለገላውም አንዲት ቃል ትበቃዋለች። ባላምባራስ የሰሙት ወንበሩን ነው።

"መቀመጫ? አባቴ የተቀመጠበት ወንበር ለእርስዎ አንሶ ነው?" ብድግ አሉ። "ወንበሬን የናቀ ቤት ልጄን አያገኝም። በሰላም ያግባችሁ፤ መንገዱ ያው።"

ቄስ ምህረቱ መቋሚያቸውን አነሱ። አያ ተሻገር ግን ከቆሙበት አልነቃነቅ አሉ። አዝመራው ጠዋት ሲሸኛቸው ጉልበታቸውን ስሞ፣ "አባባ፣ እርስዎ ከሄዱማ ይሆናል" ብሏቸው ነበር። አሁን በአንድ ብጉንጅ ሚስት ሊያጣባቸው ነው። እፍረቱ እንደ እሳት ፈጃቸው፤ ልጁ ግን በለጠባቸው።

"የእርስዎ አይደለም፣ የኔ ነው" አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "የኔ መቀመጫ ነው። ብጉንጅ ወጥቶበታል።"

መጀመሪያ የሳቀው ከጓዳ ነው፤ የሺእመቤት ነበረች። ቀጥሎ ቄስ ምህረቱ፣ "ለካ በቅሎዋ ያረፈችው ለዚህ ኖሯል" ብለው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ባላምባራስ ሊቆጡ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁና አያ ተሻገርን ትከሻቸውን ይዘው ይቅርታ ጠየቋቸው።

እመት አንጓች ግን ለመሳቅ ጊዜ አልነበራቸውም። ጓሮ የቀረውን ጤና አዳም ሙልጭ አድርገው ሸልተው፣ ከተወቀጠ ተልባ ጋር አሙቀው ለቄሱ ሰጡና ሁለቱን ወደ ጎን ቤት ላኳቸው። ሲነጋ ብጉንጁ ፈረጠ። አያ ተሻገር ወጥተው የባላምባራስ ወንበር ላይ መጀመሪያ ፈራ ተባ እያሉ፣ ኋላ ተደላድለው ተቀመጡ። "ልጄን ሰጥቻለሁ" የሚለውን ቃል የሰሙትም እዚያው ላይ እንዳሉ ነው። ደስታቸው ልክ አጣ፤ አዝመራውን እስኪያገኙት ቸኮሉ።

ሲሰነባበቱ ግን አንድ ነገር ከነከናቸው።

"እመት አንጓች፣ እንዲህ ያለ መድኃኒት እጅዎ ላይ እያለ ትናንት ያን ሁሉ መራራ ለምን አስጠጡኝ?"

እመት አንጓች እየሳቁ ግንዱ ብቻ ወደ ቀረው ጤና አዳም አመለከቷቸው። "ሆዴ ሲሉኝ ለሆድ ሰጠሁ፣ ወገቤ ሲሉኝ ለወገብ፣ ራሴ ሲሉኝ ለራስ። ቅጠሉማ ትናንትም ያው ቅጠል ነበር" አሉ። "ምን ይደረግ፣ አያ ተሻገር፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።"