ናፍጣ የጠጣው ጓሮ

«መምሬ፣ ከእህቴ ጋር ታርቀናል፤ ነገሩን ሁለተኛ ላናነሳው ተማምለን ቀብረነዋል። ታዲያ ለምን እረፍት አጣሁ?» ብላ ትርንጎ ጠየቀቻቸው። መምሬ ላቀው እንዲህ አሏት፦

አንድ ባለ ወፍጮ ሰው ነበረ። የናፍጣ በርሜሉ ተገልብጦ ጓሮው ውስጥ ፈሰሰ። ከጓሮው በታች ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ የሚቀዳበት የውሃ ጉድጓድ አለ። ሰውየው ክው አለ፤ ግን «ማን አየኝ?» አለ እንጂ «ምን ላድርግ?» አላለም። ከወንዝ ዳር ጥሩ አፈር በአህያ አስጭኖ አለበሰውና ጎመን ተከለበት። ጓሮው አማረ፤ አላፊ አግዳሚው አደነቀለት።

እሱ ግን መቀመጫ አጣ። ሴቶቹ ውሃ ቀድተው ባለፉ ቁጥር እንስራቸውን በዓይኑ ይከተላል። እህል እየፈጨ ይወጣል፣ ጓሮውን ያያል፣ ይገባል፣ ደግሞ ይወጣል። ጎመኑ ቢጫ ሲሆንበት ነቅሎ ሌላ አፈር ጨመረ። የተከለው ሁሉ ሥሩ ታች ሲደርስ ይጠወልጋል።

«አንተ ሰው፣ ይሄ ጓሮ መቃብር ነው እንዴ፣ አፈር ብቻ የምትከምርበት?» አለችው ሚስቱ።

ናፍጣው በፈሰሰ ዕለት ከአፈሩ ጥቂት ዝቆ ከበረቱ ጀርባ፣ የእበት ክምሩ ላይ ጥሎት ነበር። አንድ ቀን በዚያ ሲያልፍ ዱባ በቅሎበት አየ። ዶሮዎቹ ሲጭሩት፣ ሚስቱ እበት ስትጨምርበትና ስታገላብጠው ከርመዋል። አፈሩን ዘግኖ አሸተተው፤ ናፍጣ ናፍጣ አይልም። ሮጦ ጓሮውን ቢቆፍር፣ የታችኛው አፈር ዛሬ የፈሰሰበት ይመስላል።

አካፋውን ጥሎ ወደ ጎረቤቶቹ ሄደ። «ናፍጣ አፍስሼ ሸፍኜባችኋለሁ። ውሃችሁ ጋ ሳይደርስ ደቦ ውጡልኝ» አላቸው።

ሰደቡት፤ ደህና አድርገው ሰደቡት። ከዚያ መጡ። አፈሩን አውጥተው ከጉድጓዱ አርቀው አሰጡት፤ እበትና ገለባ ቀላቅለው፣ እያገላበጡ አናፈሱት። ሽታው መንደሩን አስመረረ። ሲከርም ግን ጠፋ።

አየሽ ትርንጎ፣ እናንተም አፈር አለበሳችሁት እንጂ አልታረቃችሁም። ከላይ ያምራል፤ ልጆቻችሁ ግን ከታች ይጠጡታል። አሁኑኑ ተነሺና እህትሽ ጋ ሂጂ። የበደልሻትን አንድም ሳታስቀሪ ንገሪያት፤ የበደለችሽንም ንገሪያት። ትጮኽብሻለች፣ ትጮኺባታለሽ። ይሸታል። ይሽተት!