የባንቺአምላክ ድምፅና የጣዝማዋ ማር

በአንድ ወቅት፣ አበባ በሚፈካበት በጥቅምት፣ ባንቺአምላክ የምትባል ዘፈን አውራጅ ድምጿ ጠፋ። በሠርግም በለቅሶም እሷ ካላወረደች የሚቀበል አልነበረም። ሳሉ ደረቷን ይዞ አልለቅ አለ፤ ከጉሮሮዋ ትንፋሽ እንጂ ቃል አይወጣም። የአንዲት ልጇ ሠርግ ደግሞ ለጥር ተቆርጧል። ዘመድ ሌላ አውራጅ ይፈለግ ሲል እሷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እኔው ነኝ የምዘፍነው አለች በምልክት። መድኃኒቷ የጣዝማ ማር መሆኑን ታውቃለች። ጣዝማ ትንኝ የምታክል፣ የማትናደፍ፣ ማሯን መሬት ውስጥ የምትሠራ ንብ ናት።

ጣዝማ ግን አበባ ትሻለች፤ ለሳል የሚሆነው ማሯም ከዳማከሴ አበባ የቀሰመችው ነው። በዚያ ዓመት ምች በርትቶ ሰው ዳማከሴውን ሳያብብ አጭዶ ጨርሶታል። የተረፈው እማማ አልጋነሽ ጓሮ ካለው ተረተር ላይ ብቻ ነው። አልጋነሽ ቅጠል ለለመናት ሁሉ ከታችኛው ጎን ትቆርጥለታለች፤ ላይኛውን አላስነካም ብላ ከጎረቤት ተኮራርፋለች፤ ማጭድ ይዞ የመጣውን የገዛ ወንድሟን እንኳ መልሳዋለች።

«ያብብ ተዉት፤ የንቧም ድርሻ ነው» ትላለች፣ ሌላ አትጨምርም።

የመንደሩ ማር ፈላጊ አየልኝ ለባንቺአምላክ ማሩን ሊያገኝላት ንቧን ከዚያ ተረተር ተከተላት። ከአበባው ስትነሣ ዓይኑን ሳይነቅል ይሮጣል፤ ስትሰወርበት እዚያው በሆዱ ተኝቶ ሌላዋን ይጠብቃል። ሦስት ቀን እንዲህ ዋለ። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ከስንዴ ፍሬ ብዙም የማትሰፋ ቀዳዳ አገኘ።

ዶማውን ሲያነሣ ሊያግዘው የመጣው ጉድጓድ ቆፋሪ ሙሉሰው ክንዱን ያዘው። ከላይ ከተመታ አፈሩ ተንዶ ማሩን ያቦካዋል አለው። ከጎን ገብቶ፣ በጣቱ እየጫረ፣ ማሩን ሳያቆሽሽ አወጣው። ግማሹን ግን ለንቦቹ ትቶ የጉድጓዱን አፍ በድንጋይ ገጠመ። አየልኝ ተቆጣ።

«ባይበቃትና ድምጿ ባይመለስስ?»

«ጥፋቱ በእኔ ይሁን። ለከርሞም የሚታመም አለ።»

ባንቺአምላክ ማሩን ጠዋት ጠዋት ላሰች። በስምንተኛው ቀን ልጇን በስሟ ጠራቻት፤ ልጅቷ የተሸከመችውን ውሃ አስቀምጣ አለቀሰች።

ሠርጉ ደረሰ። በዚያ አገር የሙሽራ እናት የመጀመሪያውን ስንኝ ለአንድ ባለውለታዋ ታወርዳለች። የተጠራው ከሙሽሮቹ ጎን ይቀመጣል፤ ስሙም እስከ ልጅ ልጅ ይዘፈናል። ሁለት ስም የያዘ ስንኝ የማንም አይደለም ይባላል። ዳሱ ውስጥ እድምተኛው ይከራከራል፤ አንዱ ያለ አበባ ማር ከየት ሲል፣ ሌላው ያልተገኘ ማር ማንን ያድናል ይላል፤ አንዲት አሮጊት ደግሞ ለነገ ያሰበውን አትርሱ አሉ። ሦስቱ ባለውለታዎች፣ አልጋነሽ፣ አየልኝና ሙሉሰው፣ እዚያው ዳሱ ውስጥ ተቀምጠዋል።

ባንቺአምላክ ሳምንቱን ሙሉ አስባበት ቆርጣለች። ተነሣች፤ ከበሮው ቆመላት፤ ድምጿ ጥርት ብሎ ወጣ፣ አንድ ስምም ጠራች።

እናንተ በእሷ ቦታ ብትሆኑ ማንን ትጠሩ ነበር?