ሞተር የማያጠፋው ሾፌር

አንድ ዕረፍት የማያውቅ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ስሙ ዘርጋው ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከስንዴው አገር ወደ ከተማው ዱቄት ፋብሪካ እህል ሲያመላልስ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ጡረታ ወጣ ይባል እንጂ እግሩ አላረፈም። ጠዋት ተነሥቶ ግቢውን ይዞራል፤ ያልተበላሸ ቧንቧ ይፈታል፤ ደህናውን በር ነቅሎ እንደገና ይገጥማል። ሰው ቤት ሲጠራ ምግቡን ሳይጨርስ ሰዓቱን ያያል። ባለቤቱ ወይዘሮ ጽጌማርያም ትዕግሥተኛ ሴት ናት፤ እሷ እንኳ አንዳንዴ ምናለ አንድ ቀን ብትቀመጥልኝ ትለው ነበር። ይቀመጥላታል፤ ወዲያው ደግሞ ይነሣል።

በመጨረሻ ሐሳቡን የሚጥልበት ነገር ፈልጎ አንድ አሮጌ ፔጆ 404 ገዛ። መኪናው ለዓመታት ሣር ውስጥ ቆሞ የከረመ ነበር። ሁለት ዓመት ሠራው። ቀለሙን እንደ ጥንቱ ነጭ አስቀባው፣ የወንበሮቹን ልብስ አዲስ አሰፋ፣ ኒኬሉን እየወለወለ አበራው። የሰፈሩ ሰው ቆሞ የሚያየው ውብ መኪና ወጣው። አንድ እንከን ብቻ ቀረው፤ ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ አርጅቷል። ጠዋት በቀዝቃዛው ይነሣል፤ ከሞቀ በኋላ ከጠፋ ግን ሰው ካልገፋው አይነሣም። ዘርጋው ይህን ሳይጠግን ተወው። ድሮም ሞተር ማጥፋት ስለማይወድ እንከኑ ብዙም አልከበደውም።

አንድ ቀን ልጁ ከስልኳ ላይ ፎቶዎች አሳየችው። በስንዴው አገር መንገድ ዳር የቆሙት አራት ረጃጅም የሲሚንቶ ጎተራዎች፣ እሱ ዕድሜውን ሙሉ ስንዴ የጫነባቸው፣ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ተሥሎባቸዋል። አንድ ሠዓሊ በየጎተራው ሲሠሩ የኖሩትን ሰዎች እያነጋገረ፣ የነገሩትን በየግድግዳው ላይ እንዳሰፈረውና አሁን ሰው ከሩቅ እየመጣ እንደሚያያቸው ነገረችው። ዘርጋው አንድ በአንድ አየ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ስልኩን መለሰላት።

ከዚያ በኋላ ጭራሽ እንቅልፍ አጣ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ከሆነ በኋላ አንድ ማለዳ ለባለቤቱ ተነሺ፣ አገር ላሳይሽ አላት። ወይዘሮ ጽጌማርያም ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዴ እንኳ ይዘኸኝ ሂድ ስትለው የኖረች ናት። ለምን ዛሬ ብላ አልጠየቀችም። እንቁላል ቀቀለች፣ ዳቦ ቋጠረች፣ ነጠላዋን ደርባ ከጎኑ ገባች።

ዘርጋው ፔጆውን እንደ ጭነት መኪና ነዳው። የቀደመውን ሁሉ ይቀድማል፤ ቀድሞም ሌላ የሚቀድመው ይፈልጋል። ተራራውን ወጥተው ማዶ ሲወርዱ የስንዴው አገር ተከፈተ። አዝመራው ደርሶ ሜዳው እስከ አድማስ ቢጫ ሆኗል። እሷ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ልትጠግበው ሞከረች፤ መኪናው ግን ፋታ አልሰጣትም።

የመጀመሪያው ጎተራ ላይ ስንዴ የሚያበጥሩ የሴቶች እጆች ተሥለዋል። እጆች ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዱ ጣት የዛፍ ግንድ ያህላል። ወይዘሮ ጽጌማርያም ወርዳ ሥሩ ድረስ ሄደች። ዘርጋው ሞተሩን ሳያጠፋ በመስታወቱ አሻግሮ አየና ክላክስ አደረገ። ሁለተኛው ላይ አንድ ትልቅ ኮምባይነር አለ፤ በጥላው ሥር አንድ ሽማግሌ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተኝቷል። እሷ የሚያልፉ ሰዎችን ስለ ሽማግሌው ስትጠይቅና ስትስቅ ክላክሱ ጠራት። ሦስተኛው ላይ ከሁለት ክላክስ በኋላ ነው የመጣችው። በሩን ዘግታ ቀበቶዋን ካሰረች በኋላ ፊቷን ወደ እሱ አዞረች።

«ዘርጋው፣ የመጣነው ልናየው ነው ወይስ ልናልፈው?»

«ዋናው ከፊት ነው» አላት።

ከፊት ያለው ምን እንደሆነ ብትጠይቀው ማርሽ ለወጠ።

አራተኛው ጎተራ ጋ ሲደርሱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ጎተራው ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ በታጠረ ሰፊ ግቢ ውስጥ ነው የቆመው። በሩን የከፈተላቸው ምርኩዝ የያዘ አንድ ሽማግሌ ጥበቃ ነው። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ወደ ውጭ የታጠፈ ስለሆነ በየርምጃው ትከሻው ይወድቃል። በትሕትና ሰላምታ ሰጣቸውና ግቢው ገለባ ስለሞላበት፣ እሳት ስለሚፈራም፣ ሞተር አብርቶ መቆም እንደማይፈቀድ ነገራቸው። ዘርጋው መኪናውን መልሶ ሊያወጣ አሰበ። ወይዘሮ ጽጌማርያም ግን ቀድማ ወርዳ ወደ ጎተራው መሄድ ጀምራለች። እያመነታ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ጸጥ ሲል ነፋሱ በቆርቆሮው ላይ ሲያፏጭና ወፎች ገለባው ላይ ሲንጫጩ ተሰማው። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ግቢ ሲመላለስ ወፍ መኖሩን አያውቅም ነበር።

ሥዕሉ አንድ ቀይ የጭነት መኪና ነው፤ ከኋላው ነው የታየው። አቧራ እያስነሣ በመንገዱ ላይ ይርቃል። ሸራው የታሰረበት ገመድ እንኳ በቋጠሮው ተሥሏል። በሾፌሩ መስኮት አንድ ክንድ ወጥቷል፤ እጅጌው እስከ ክርኑ ተጠቅልሏል። ከክንዱ ፊት ትልቅ ስፖኪዮ፣ የኋላውን የሚያሳየው መስታወት፣ አለ። በሥዕሉ ሁሉ ባዶ የተተወው እሱ ብቻ ነው፤ ውስጡ ምንም የለም፣ ያልተቀባ ሲሚንቶ ነው።

የጥበቃው ሚስት ግቢውን ስትጠርግ ነበር። አያንቱ ትባላለች። ወይዘሮ ጽጌማርያም ሰላም ብላት ስፖኪዮው ያላለቀ መሆኑን ጠየቀቻት። አያንቱ መጥረጊያዋን ተደግፋ፣ ሥዕሉ ያለቀ መሆኑን ነገረቻትና ታሪኩን አወራችላት። እሷ በጉብዝናዋ እዚሁ የፈሰሰ እህል ትጠርግ ነበር፤ ባሏ ቱሉ፣ በሩን የከፈተላቸው ጥበቃ፣ ያኔ እህል መዛኝ ነበር። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚመጣ አንድ ሾፌር ነበር፤ ከመኪናው አይወርድም፣ ወረቀቱን መሪው ላይ አድርጎ ይፈርማል፣ ሞተሩን አያጠፋም። ጫኝና አውራጆቹ ስሙን ስለማያውቁት ሞተር የማያጠፋው ይሉት ነበር።

«ሠዓሊው ፊቱ ምን ይመስል ነበር ብሎ ጠየቀን» አለች አያንቱ። «አንዱ ጢም አለው አለ፣ ሌላው የለውም አለ። ክንዱን ሁላችንም እናውቃለን፤ ፊቱን ልብ ያለ ግን አልተገኘም። ስለዚህ ባዶውን ተወው።»

ወይዘሮ ጽጌማርያም ቀስ ብላ ዞራ ባሏን አየችው። ዘርጋው ከመኪናው ወርዶ ከኋላቸው ቆሞ ነበር።

ከዚያም፣ ከሁሉ ነገር ለምን ይህን መረጣችሁ ብትላት፣ አያንቱ ስለ አንድ ቀን ነገረቻት። ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ያ ሾፌር ጭኖ ከበሩ እንደወጣ የጆንያው ክምር ተንዶ ቱሉ ላይ ወደቀ። እግሩ ተሰበረ፤ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጣ። በአካባቢው ሌላ መኪና የለም። ስድስት ሆነው መኪናውን እየተከተሉ ሮጡ፣ ጮኹ፣ ነጠላ አውለበለቡ። መኪናው አልቆመም። እስኪመሽ ሌላ ሲጠብቁ ቆዩ፤ ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ አጥንቱ እንደሚገባ የሚገጥምበት ሰዓት አልፎ ነበር። ሰዎቹ ሾፌሩን ሲረግሙት ቱሉ ግን አይወድም፤ ባይሰማ ነው እንጂ ቢሰማ ይቆም ነበር ይላቸዋል።

ዘርጋው መሄድ ፈለገ። መኪናው ግን ካልተገፋ አይነሣም፤ የሚገፉትም እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ቱሉ በአንድ እጁ ምርኩዙን፣ በሌላው ውኃ የተሞላ ጣሳ ይዞ እያነከሰ መጣና መንገድ አድክሟችኋል፣ ይጠጡ አለው። ዘርጋው ጣሳውን አልተቀበለም።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሾፌሩ እኔ ነኝ።»

ቱሉ ፊቱን አየው። የሾፌሩ ፊት መሆኑን አውቆ ሲያየው የመጀመሪያው ነው።

«አልሰማኝም እያሉ ለሰው ሲናገሩልኝ ኖረዋል» አለ ዘርጋው። «አልሰማሁም፣ እሱ እውነት ነው። ግን አይቻለሁ። በስፖኪዮ አይቻችኋለሁ። አንዲት ሴት ነጠላዋን ስታውለበልብ አየሁ። ዕቃ አድርስልን ሊሉኝ ነው ብዬ ማርሽ ለወጥኩ። በሚቀጥለው ጉዞ ስመለስ ሚዛኑ ላይ ሌላ ሰው አገኘሁ። መልሱን ፈርቼ ያኛው የት ሄደ ብዬ አልጠየቅኩም። ከዚያ ወዲህ ቁጭ ማለት አቅቶኛል።»

አያንቱ መጥረጊያዋን አስቀምጣ ወደ ጥበቃ ቤቱ ገባች። ቱሉ ውኃውን መሬት ላይ አፈሰሰና ወደ ጥላው ሄዶ አንድ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ወይዘሮ ጽጌማርያም ወደ ባሏ ጠጋ ብላ፣ ማንም እንዳይሰማ በዝግታ፣ «እኔም በር ላይ ቆሜ ስሸኝ የኖርኩት ያንኑ ክንድ ነው» አለችው።

ዘርጋው ጠራራው ላይ ቆሞ ቀረ። ጥላው ረዘመ። ብዙ ቆይቶ ቱሉ በምርኩዙ መሬቱን መታ መታ አድርጎ ጠራው፤ ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለው ቱሉ። «ባይሰማኝ ነው ብዬ ስለኖርኩ ይህን ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም። ያን ቀን የት ለመድረስ ነበር እንደዚያ የቸኮሉት?»

ዘርጋው ሊመልስ አፉን ከፈተ። ፋብሪካው ሊዘጋ ነበር? በዓል ነበር? ከሌላ ሾፌር ጋር ተፎካክሮ ነበር? ሰማዩ ደመና እንደነበረ ያስታውሳል። የነጠላው ጥለት አረንጓዴ እንደነበረ ያስታውሳል። የሮጡት ሰዎች በስፖኪዮው ውስጥ እያነሱ፣ እያነሱ ሄደው አቧራው እንደዋጣቸው ያስታውሳል። የቸኮለበትን ጉዳይ ግን ፈልጎ ፈልጎ አጣው።

«አላስታውሰውም» አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ቱሉ ምርኩዙን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። «ለእግሬ የሚበቃ ምክንያት ቢነግሩኝ ይሻለኝ ነበር» አለ።

ይቅር ብያለሁ አላለም። ግን ይሂዱልኝም አላለም። ፀሐይዋ ስትጠልቅ አያንቱ ለአራት ሰው ምግብ አቀረበች፤ እንግዶቹም እዚያው አደሩ። በማግሥቱ ዘርጋው አብሮት ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ ቱሉን ለመነው። ቱሉ መጀመሪያ እምቢ አለ፤ አሁን ምን ይረባል አለ። ወይዘሮ ጽጌማርያም የፊተኛውን ወንበር ለቃለት ኋላ ስትቀመጥ ግን ምርኩዙን ይዞ ገባ። ጫኝና አውራጆቹ ገፍተው መኪናውን አስነሡት። ሐኪሙ አጥንቱን የማቃናት ጊዜ አልፏል አለ፤ ነገር ግን ሶሉ ከፍ ያለ ጫማ እንዲሠራለት አዘዘ። ጫማው እስኪሠራና እስኪስተካከል ዘርጋው ያን መንገድ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በሦስተኛው ጉዞ ቱሉ ትከሻው ሳይወድቅ ከመኪናው እስከ ቤቱ ደጃፍ ተራመደ። ደጃፉ ላይ ቆመና ዘወር ብሎ፣ በዚህ በኩል ሲያልፉ ይግቡ አለው። ዘርጋው የሰማው ይቅርታ ይህ ነው፤ ለእሱም በቃው።

ወዳጆቼ፣ ብዙዎቻችን እንደዚህ ሾፌር ነን። ክፉ ሆነን አይደለም፤ ስለምንቸኩል ነው። ከኋላችን የሚያውለበልበውን ሰው እናየዋለን፤ እንዳላየን ለመሆን ደግሞ ፍጥነት እንጨምራለን። ዓመታት ሲያልፉ የቸኮልንበትን ጉዳይ እኛም ሌላውም እንረሳዋለን፤ ትተነው ያለፍነው ሰው ግን በተሰበረው እግሩ ሲራመድ ይኖራል። ያጣነው ዕረፍትም ያለው እሱ ዘንድ ነው፤ ወደፊት በመንዳት አይገኝም። የበደልነውን ሁሉ ማቃናት አንችልም፤ ተመልሰን ግን አይቼህ ነበር ማለት እንችላለን።

እስቲ ቁጭ ብለው ያስቡት፤ እርስዎ አይተው እንዳላዩ ያለፉት ማንን ነው? ዛሬስ ደጃፉ ድረስ መሄድ ምን ያህል ይርቃል?