ከጆንያው አፍ በታች

አንድ ጊዜ በሁለት ተራሮች መካከል ባለ ሸለቆ የእንስሳት ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነበር። ወላጆች ከአዝመራ በኋላ ለልጆቹ የዓመት ቀለብ ማሽላ ያዋጣሉ። በዚያ ዓመት የተዋጣው መቶ ሃያ ጆንያ ነበር፤ አንዱንም ሳታስቀር በጀርባዋ ተሸክማ መጋዘን ያስገባችው አህያ ናት። ቁልፉ ግን በርእሰ መምህሩ በአያ ጅቦ እጅ ነበር።

የሸለቆው ሕግ እንዲህ ይላል፦ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ከሌላ ሸለቆ የመጣ መርማሪ እህሉን ይቆጥራል፤ አህያም ኮቴዋን ጭቃ ነክራ በመርማሪው ቃል ላይ ታትማለች። ካተመች በኋላ እህል ቢጎድል ተጠያቂዋ እሷ ናት። መርማሪውን የሚመርጠው የወላጆች ጉባኤ ነበር። ያን ዓመት ግን ሰብሳቢው አንበሳ ሙቀቱ አሰነፈውና «አያ ጅቦ፣ እስቲ አንተው ፈልግ» ብሎ ተኛ።

ከሌላ ሸለቆ ሁለት አመልካቾች መጡ። ጃርት «አምስት ቀን ስጡኝ። ደመወዜ ሁለት ጆንያ ማሽላ ነው፤ እያንዳንዱን ጆንያ ፈትቼ እዘረግፈዋለሁ» አለች። ቀበሮ ደግሞ «ለእኔ ግማሽ ቀን ይበቃኛል። ደመወዜም አንዲት ራት ናት» አለ።

«መዘርገፍ ምን ያደርጋል? አቧራው ልጆቹን ያስላል!» አለ ጅብ። «ቀበሮ ይሁን። ርካሽ ነው።»

አህያ ይህን ስትሰማ ጆሮዎቿ ወደቁ። ሰሞኑን ከጅብ ቤት የቋንጣ ሽታ አልጠፋም፤ ቋንጣ በእህል የሚለውጡ ነጋዴ ዝንጀሮዎችም በመጋዘኑ ጓሮ ሲመላለሱ ሦስት ጊዜ አይታለች። ‹ብናገር ይበላኛል፤ ዝም ብዬ ባትም ደግሞ ኮቴዬ ያስበላኛል› እያለች ሣር እንኳ አልወርድላት አለ።

ቀበሮ በሩ ላይ ቆመ፤ የጆንያዎቹን አፍ አንድ ሁለት እያለ ቆጠረ፤ ሳይመሽ ራቱን በላ።

በማግስቱ ጉባኤው ልጆቹም ባሉበት ተሰበሰበ። «መቶ ሃያ! ሁሉም ሙሉ!» አለ ቀበሮ። ጅብ ጭቃውን በገበቴ ይዞ ወደ አህያ ጆሮ ተጠጋ። ትንፋሹ ቋንጣ ቋንጣ ይሸታል።

«በይ እመት አህያ፣ አትሚ። ስትንቀጠቀጪ ሥጋሽ ያምረኛል፤ ዛሬ ግን እንዳላየሁ ልሁን።»

አህያ ኮቴዋን አነሳች። ጭቃው ጋ ሳይደርስ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ እንደ ደረቀ ወደ መሬት መለሰችው።

«ጌታዬ አንበሳ፣ ከማተሜ በፊት አንድ ጆንያ ያስጭኑኝ።»

«አህያ ጭነት ናፈቃት!» አለ ጅብ። ጉባኤው ሳቀ። ጫኗት።

«ይህን ጆንያ ሳስገባው ጉልበቴ ታጥፎ ነበር» አለች። «ዛሬ የዝንብ ያህል አልከበደኝም። ዓይኔ ይሳሳት ይሆናል፤ ጀርባዬ ግን አይሳሳትም። ይፈታ።»

ተፈታ። ከላይ ሁለት እፍኝ ማሽላ፣ ከሥሩ ገለባ። ነፋሱ ገለባውን አንስቶ በልጆቹ ፊት ላይ በተነው።

አንበሳ ወደ ቀበሮ ዞረ። «እኔ የተቀጠርኩት አፉን ልቆጥር ነው! ሆዱን ቁጠር ያለኝ የለም!» ብሎ ቀበሮ ተፈተለከ።

ጅብም ደንግጦ «ሁሉም ገለባ አይደለም እኮ! አርባ አንዱን ገና አልነካሁትም!» አለ። ምን እንዳለ የገባው ሁሉም ሲነሱበት ነው፤ ቁልፉን ጥሎ ተራራውን ዘለቀ።

ጃርት ተጠርታ አምስት ቀን ዘረገፈች። ጅብ በዕድሜው አንድ ጊዜ እውነት ተናግሮ ኖሯል፤ የተገኘው አርባ አንድ ጆንያ ነው። ሁለቱ ለደመወዟ ሲከፈል ሠላሳ ዘጠኝ ቀረ፤ ልጆቹም ያን ዓመት ከሦስት ቀን አንዱን ቀን እየበሉ ተማሩ። አንበሳ ከዚያ ወዲህ በምርጫ ቀን ተኝቶ አያውቅም። አህያ ግን ከተራራው ማዶ የጅብ ድምፅ በመጣ ቁጥር እስከ ዛሬ ሣሯን ትታ ትሸሻለች።

ከዚህ የምንማረው፣ ተመርማሪው መርማሪውን ከመረጠ የሚቆጠረው የጆንያው አፍ እንጂ ሆዱ አለመሆኑን ነው።