በአምስት ብር የተሸጠው አጥር

አንድ አናጺ እህቱን ሊጠይቅ ሄዶ ቤቷን ሳያውቀው አለፈው።

ስሙ አለልኝ ነው። ሁለት ዓመት ሩቅ አገር ድልድይ ሲሠራ ቆይቶ መመለሱ ነበር። የእህቱን ግቢ ዓይኑን ጨፍኖም ቢሆን ያገኘዋል፤ ዙሪያውን ያጠረላት እሱ ራሱ ነዋ። መቶ ሃያ አጣና በእጁ ልጦ፣ በእጁ ተክሎ፣ ሰፊ የእንጨት በር ገጥሞላት ነበር የሄደው። አሁን ግን ያንን በር ፍለጋ መንገዱን ሁለት ጊዜ ተመላለሰበት። በሩ የለም። አጥሩም የለም። በአጥሩ ቦታ ባዶ ጉድጓዶች ተሰልፈዋል፤ ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ ድድ ይመስላሉ።

አንዲት ሴት አህያ እየነዳች በግቢው መሐል አቋርጣ አለፈች። ሁለት አዛውንት ጃንጥላቸውን ዘርግተው ተከተሏት። «እንዴት አደርሽ የውቤ!» አሉና ሳይቆሙ በጓሮ በኩል ወጡ።

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አለች ከምድጃው አጠገብ ያጎነበሰችው እህቱ የውብዳር። ቀና ስትል ወንድሟን አየችው። «ወንድምጋሼ!» ብላ እጇ ሰም እንደተለቀለቀ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

አለልኝ አገላብጦ ሳማት። ሻንጣውን ግን አላወረደም።

«እታለም፣ ማን ዘረፈሽ?»

«ኧረ ማንም! ምን ጎደለብኝ?»

«አጥሩ የት ሄደ?»

«ውይ እሱ? እሱማ ነደደ።»

«ቃጠሎ ደረሰብሽ?»

«የምን ቃጠሎ! እኔው ነኝ ያነደድኩት። ለጧፉ።»

የአናጺው ሻንጣ ከእጁ ወደቀ።

የውብዳር ባሏ ከሞተ ወዲህ ጧፍ እየሠራች ትሸጣለች። ከጠጅ ቤቶች ሰፈፍ ትገዛለች፤ ሰፈፍ ማለት ማሩ ወደ ጠጅ ከተለወጠ በኋላ የሚቀረው አተላ የመሰለ ነገር ነው። በውኃ ትቀቅለዋለች፣ በጆንያ ታጠልለዋለች፣ ሰሙ ሲንሳፈፍ ታወጣዋለች። ከዚያ ደግማ ታቀልጠውና በጥጥ ፈትል ላይ እያንጠባጠበች በሰሌዳ ላይ ታድበለብለዋለች። ሥራው ጥበብ ይፈልጋል፤ ከጥበቡ ይልቅ ግን እሳት ይፈልጋል።

ጧፏ በአካባቢው አንደኛ ነው ይባላል። ቀጥ ያለ ነው፣ አይጨስም፣ ደግሞም ርካሽ ነው። ሌሎቹ በአሥር ብር የሚሸጡትን እሷ በአምስት ትሰጣለች። በዚህ በጣም ትኮራለች። ግቢዋን የሚያቋርጠው ሰው በየቀኑ መብዛቱንም የገበያዋ መድመቅ ምልክት አድርጋ ነበር የምታየው። ሰዎቹ ወደ ወፍጮ ቤት ማቋረጫ ማግኘታቸውን የነገራት አልነበረም።

«በአምስት ብር ሸጠሽ ታተርፊያለሽ?» አለ አለልኝ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ።

«በደንብ አድርጌ! ስማኝ፤ አንድ ቅቅል አርባ ጧፍ ይወጣዋል፣ ሁለት መቶ ብር ማለት ነው። ሰፈፉ ዘጠና፣ ፈትሉ ሠላሳ። ሰማንያ ብር ንጹህ ትርፍ!» ከሣጥን ውስጥ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አውጥታ አሳየችው። «አራት ሺህ ስምንት መቶ ብር አጠራቅሜአለሁ። ከክረምቱ በፊት የቤቱን ጣሪያ በአዲስ ቆርቆሮ ላስመታው ነው። አንተም እንኳን በደህና መጣህልኝ።»

«ለአንድ ቅቅል ስንት እንጨት ይፈጃል?»

«ሁለት አጣና። ደረቅ ከሆነ።»

«አጣናውንስ በስንት ገዛሽው?»

የውብዳር ሳቀች። «ምን ያስገዛኛል? ከግቢዬ ነው። ደግሞ አንተ በነጻ ያጠርክልኝ አጥር እኮ ነው፤ አንድ ብር አልተቀበልከኝም!»

አለልኝ ይህን ሲሰማ መዳፎቹን ገልብጦ አየ። ለአጥሩ አንድ ወር ሙሉ ጀርባው እስኪጎብጥ ሠርቶ ነበር። ገንዘብ አልቀበልም ያለው ስለወደዳት ነው። እሷ ደግሞ ገንዘብ ስላላወጣችበት ዋጋ የሌለው ነገር ብላ ማገዶ አድርጋዋለች።

«ዛሬ ገበያ አንድ አጣና ሰባ ብር ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ሁለቱ አጣና መቶ አርባ ብር። ከሰማንያው ላይ ቀንሺው።»

የውብዳር ጣቶቿን ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ስልሳ ብር... እከስራለሁ?»

«በእያንዳንዱ ቅቅል። ሁለት ቀን ያጎነበስሽበትን ሳልቆጥር።»

«እሱማ የራሴ እጅ ነው» አለች፤ አባባሏ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም። ቆርቆሮዋን አየች። ቀጥላ ባዶዎቹን ጉድጓዶች አየች። «ወንድምጋሼ፣ አጥሩን መልሼ ልትከል ብል ስንት ነው?»

«አጣናው ብቻ ስምንት ሺህ አራት መቶ። በሩን ተይው።»

ልጅ ሞቶባት የተረዳች ያህል ራሷን ያዘች። «ወይኔ! ጣሪያ ላሠራ ብዬ አጥሬን በላሁት!»

የሚያስደነግጠው ግን ገና ሌላ ነበር። የሰፈሩ የሰንበቴ ማኅበር ለቤተ ክርስቲያኑ ንግሥ አንድ ሺህ ጧፍ አዟታል፤ በአምስት ብር ሒሳብ። እሷም እሺ ብላ ቃሏን ሰጥታለች።

«በምን እንጨት?» አለ አለልኝ።

የውብዳር ዓይን ወደ ማድቤቱ ሄደ፤ ግድግዳው በአንድ በኩል እንጨቱ ተነቅሎ ወዲያና ወዲህ ያሳያል። ከማድቤቱ አለፈና ወደ መኖሪያ ቤቱ ሄደ። አለልኝ ዓይኗን ተከትሎ አየ። ከበሩ መቃን ላይ አንዱ እንጨት ቀድሞ ተነቅሏል።

በዚህ መሐል የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ አቶ ሙላቱ፣ ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ እንደ ሰዉ ሁሉ በግቢው መሐል ከተፍ አሉ።

«እንዴት ነሽ የውብዳር? ጧፋችን እንዴት እየሄደ ነው?»

የውብዳር ወንድሟን አየችው። አለልኝ መሬት መሬቱን አየ። ይህን እሱ ሊልላት አይችልም።

«አቶ ሙላቱ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሒሳብ ተሳስቼ ነበር። ከእንግዲህ አንዱ አሥር ብር ነው።»

«አሥር!» ሰውዬው ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ የውሻ ጅራት የረገጡ መሰሉ። «ትናንት አምስት አልነበረም እንዴ?»

«ትናንት አጥሬን መርቄ ነበር የምሸጥልዎ።»

«ምን? ምን መርቀሽ?»

«አጥሬን። አምስቱን ብር እርስዎ ሲከፍሉ፣ የቀረውን አጥሬ ሲከፍልልዎ ነበር። አሁን አልቋል።»

«ለእግዚአብሔር ቤት እኮ ነው! አታፍሪም?»

«እግዚአብሔር የግቢሽን በር አንድጂ አላለኝም፣ ጋሼ።»

አቶ ሙላቱ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። በገበያው ስንት ጧፍ ሠሪ እንዳለ ተናገሩ። ሁሉም በአሥር ብር እንደሚሸጡ ግን ሳይናገሩ ተዉት። ከዚያ በሩን በኃይል ወርውረው ለመውጣት ዞሩ።

እጃቸውን ዘረጉ። የሚወረወር በር አልነበረም።

እዚያው፣ ሁለቱ ጉድጓዶች መሐል፣ እጃቸው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ስንት ጊዜ በዚህ ቦታ ሲያልፉ በሩ የት ሄደ ብለው አልጠየቁም። ጉድጓዶቹን አዩ። የማድቤቱን ቀዳዳ አዩ። ቤታቸው ከጸሎት መጽሐፋቸው አጠገብ በእሽግ የተቀመጠው ርካሽ ጧፍ ትዝ ሳይላቸው አልቀረም።

በመጨረሻ ኮታቸውን በትክክል ለበሱ።

«ገንዘባችን አምስት ሺህ ብቻ ነው» አሉ። «አምስት መቶውን ሥሪልን።»

በዚያ ዓመት ንግሥ ሰዎቹ ለሁለት አንድ ጧፍ ያዙ። ሁለት ሴቶች አጉረመረሙ። ብርሃኑ እንደሆነ አልጎደለም።

አለልኝም አጥሩን እንደገና አጠረ። በዚህ ጊዜ ግን የእጁን ዋጋ ጠየቀ። «ከእህትህ?» አለች የውብዳር፣ ዓይኗ ፈጦ። «ከእህቴ» አላት። አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራክራ ትንሽ አስቀንሳ ከፈለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአጥሩ አንዲት ስንጥር እንኳ የሚነቅል ሰው ሲገኝ ጩኸቷ ወፍጮ ቤት ድረስ ይሰማል።

ወዳጄ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ያልገዛነውን ነገር ዋጋ የለውም እንላለን፤ ከጓሯችን የወጣውን፣ የገዛ ጉልበታችንን፣ ሰው በፍቅር የሰጠንን። ስለዚህ መጀመሪያ የምናነደው እሱን ነው። ዋጋው ግን እኛ ስላልቆጠርነው አይቀርም፤ አንድ ቀን በሩን ልንይዝ እጃችንን ስንዘረጋ ይታወቀናል። የሚሸጥ ሰው የሚሸጠውን ሁሉ ይቁጠር። የሚገዛ ሰውም በጣም የረከሰ ነገር ሲያገኝ ከመደሰቱ በፊት ዞር ብሎ ግቢውን ይመልከት።

አንተስ፣ አንቺስ፣ ሰሞኑን በግማሽ ዋጋ ያገኛችሁት ነገር የማን አጥር ነበር?