የመሀሏ እንቁላል ሙቀት

ይህን ጨዋታ የሰማችሁ ታገሱኝ፤ ያልሰማችሁ ቀረብ በሉ።

ቢሾፍቱ ውስጥ መቅደላዊት የምትባል መሐንዲስ ነበረች። አሥር ሺህ እንቁላል የሚይዝ የጫጩት መፈልፈያ ሳጥን ነደፈች። ከብሎኑ እስከ ማራገቢያው የራሷ ሥራ ነው፤ ይህንንም ለሰው ለመንገር አትሰስትም። ሐሙስ ኮሚቴ ይቀመጣል፤ ወይ የእሷ ሳጥን ይሠራል፣ ወይ ሌላ ከውጭ ይመጣል። ኮሚቴው የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከመደርደሪያው መሀል ያለችው እንቁላል በሃያ አንዱ ቀን ውስጥ ስንት ዲግሪ እንደምትደርስ የምታሳይ አንዲት መስመር።

ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሯን ከፍታ ሶፍትዌሩን «መስመሯን ሣልልኝ» አለችው። ሣለላት። መስመሯ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለች ናት። መቅደላዊት ወረቀቱን አትማ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንቁላል ሲያስታቅፉ ለኖሩት ለከተማው የጫጩት ማስፈልፈያ ጣቢያ ኃላፊ ለወይዘሮ ብርዛፍ ወስዳ አሳየቻቸው።

«ይቺ እንቁላል ናት ድንጋይ?» አሉ ወይዘሮ ብርዛፍ።

«ምን ሆነች?»

«በመጀመሪያው ሳምንት አንቺ ታሞቂያታለሽ። በመጨረሻው ሳምንት እሷ ታሞቅሻለች። ነፍስ ዘርታለች እኮ።» ይህን ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

መቅደላዊት ወደ ሶፍትዌሩ ተመለሰች። «እንደገና ሣል» አለችው። «አልሥልም» አለ ሶፍትዌሩ። «እንቁላሏ ከራሷ የምታወጣውን ሙቀት ለሃያ አንዱም ቀን አንድ ቁጥር አድርገሽ ሰጠሽኝ። የየቀኑን ሰንጠረዥ አምጪ።» ሰንጠረዡን «ሙላ» አለችው። ሰንጠረዡ አይሞላም፣ ሶፍትዌሩ አይሥልም፣ መስመሯ አትወጣም።

ሰንጠረዡ የሚጠብቀው የሙቀት መለኪያውን ነው። መለኪያውን «ንገረው» አለችው። «ከእንቁላሉ ጋ ሳልደርስ ምኑን ልንገረው?» አለ። መለኪያው አይናገርም፣ ሰንጠረዡ አይሞላም፣ ሶፍትዌሩ አይሥልም፣ መስመሯ አትወጣም።

እንቁላሉ ያለው ከጣቢያው ማስታቀፊያ ክፍል ነው። ማክሰኞ ሄዳ በሩን «ተከፈት» አለችው። በሩ ዝም አለ፤ ቁልፉ ከዘበኛው ከገመቹ ኪስ ነው። በሩ አይከፈትም፣ መለኪያው አይናገርም፣ ሰንጠረዡ አይሞላም፣ ሶፍትዌሩ አይሥልም፣ መስመሯ አትወጣም።

ገመቹን «ክፈትልኝ» አለችው። «ወይዘሮ ብርዛፍ ሳያዙኝ?» አለ ገመቹ። «እህቴ፣ እኔኑ ከእንቁላሉ ጋር ያስታቅፉኛል።» ገመቹ አይከፍትም፣ በሩ አይከፈትም፣ መለኪያው አይናገርም፣ ሰንጠረዡ አይሞላም፣ ሶፍትዌሩ አይሥልም፣ መስመሯ አትወጣም።

ወይዘሮ ብርዛፍን «ይዘዙልኝ» አለቻቸው።

«ካንቺ በፊት ሁለት መሐንዲሶች መጥተው ነበር» አሉ። «ሽቦ ሰኩ፣ ጻፉ፣ ሄዱ። አንዱም ቢሆን የቱ እንቁላል ስንት ቀኑ እንደሆነ አልጠየቀኝም። አንቺም ልታሳዪኝ መጣሽ እንጂ ልትጠይቂኝ አልመጣሽም።»

እንግዲህ መቅደላዊት አትጠይቅም፤ ከዩኒቨርሲቲ በሜዳሊያ የወጣች ልጅ ስለ እንቁላል ትጠይቅ? መቅደላዊት አትጠይቅም፣ ወይዘሮ ብርዛፍ አያዙም፣ ገመቹ አይከፍትም፣ በሩ አይከፈትም፣ መለኪያው አይናገርም፣ ሰንጠረዡ አይሞላም፣ ሶፍትዌሩ አይሥልም፣ መስመሯ አትወጣም።

ረቡዕ ሆነ። ነገ ሐሙስ ነው። መቅደላዊት ሰንሰለቱን ከላይ ወደ ታች ቆጠረችው፤ ጫፉ ላይ ያገኘችው የገዛ አፏን ነው። ሄደች።

«እትዬ ብርዛፍ፣ እንቁላሉ ስንት ቀን እንደሆነው በምን ያውቃሉ? ያስተምሩኝ።»

ወይዘሮ ብርዛፍ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ገመቹን አዘዙ፤ ገመቹ ከፈተ፤ በሩ መለኪያውን አስገባ። ክፍሉ ውስጥ ከአንድ ቀን እስከ ሃያ አንድ ቀን ያለው እንቁላል በየመደርደሪያው ተሰልፏል፤ የሦስት ሳምንቱ ጉዳይ በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ሆኖ ተገኘ። ወይዘሮ ብርዛፍ አንዷን አንስተው ጨፍነው፣ ሙቀቷ እንዲሰማቸው የዓይናቸው ቆብ ላይ አሳረፏት። «አሥራ ሁለት» አሉ። ሌላዋን አነሡ። «ይቺ አሥራ ስምንት፤ ትንገበገባለች።» ከሥር በእርሳስ የተጻፈው ቀን እንዳሉት ነው፤ መለኪያውም ተከትሎ መሰከረ።

መለኪያው ተናገረ፣ ሰንጠረዡ ሞላ፣ ሶፍትዌሩ ሣለ፣ መስመሯ ወጣች።

ወጣችና ደግሞ በአሥራ ስምንተኛው ቀን ከሠላሳ ዘጠኝ ዲግሪ አለፈች። በዚህ ሙቀት ጫጩት አይተርፍም። መቅደላዊት በዚህ ጊዜ ግን ለመጠየቅ አልዘገየችም።

«ምን ይሻላል፣ እትዬ?»

«ከአሥራ አራተኛው ቀን ጀምሮ አየሩን ጨምሪላት፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ።»

የማራገቢያውን ፍጥነት እንዲሁ በየቀኑ ከፋፍላ ሶፍትዌሩ ውስጥ አስገባች። መስመሯ ሠላሳ ሰባት ተኩል ላይ ጎንበስ ብላ እስከ መጨረሻው ሄደች።

ሐሙስ ኮሚቴው ወረቀቱን አገላበጠ። ሰብሳቢው ስለ እንቁላሉ ሙቀት ሲጠይቅ መቅደላዊት አጠገቧ ወደተቀመጡት ወደ ወይዘሮ ብርዛፍ ዞረች፤ እሳቸውም ሳይቸኩሉ አስረዱ። «ይሠራ» ተባለ።

ደጅ ላይ ገመቹ «ምን አሉ?» ብሎ ጠየቀ።

«ሳጥናችንን ወደዱት» አሉ ወይዘሮ ብርዛፍ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

ከብሎኑ እስከ ማራገቢያው የሠራችው መቅደላዊት አላረመቻቸውም። እንዲያውም «ሳጥናችን» ብላ ቃሉን ደገመችው፤ ደስ አላት።

የእኔ ጨዋታ እዚህ ላይ አለቀ፤ የቀረውን ጫጩቶቹ ቅርፊታቸውን ሰብረው ይናገሩ።