አያ ጅቦና ሃያ ሊትር ቤንዚን

አንድ ጊዜ፣ አራዊት መንጃ ፈቃድ ማውጣት በጀመሩበት ዘመን፣ አያ ጅቦ የስፖርት መኪና ገዛ። ቀይ ናት። በሯ ሁለት ብቻ ነው። ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው፤ ድምፅዋ ግን ሦስት ሰፈር ያልፋል። ሻጩ «በሰዓት ሁለት መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ትበራለች» ብሎት ነበር፤ አልዋሸም። የጋራ ሥር ከተማ ዋና መንገድ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው። በእሱም ላይ ሁለት የትራፊክ መብራት፣ አንድ አደባባይና ስድስት የፍጥነት መግቻ ተደርድረውበታል። አያ ጅቦ ይህን አላሰበበትም። በማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» ያለው ጅብ ቅድመ አያቱ ነው፤ እሱ ግን በሚያውቁት አገር «አስፋልት አንጥፉልኝ» ማለት ቃጣው።

መኪናዋ ስትጠጣ ለጉድ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ቤንዚን ጠፍቶ ስለነበር አያ አንበሶ «ለአንድ መኪና በሳምንት ሃያ ሊትር ብቻ!» ብሎ አዋጅ አስነግሯል። ሃያው ሊትር ሌላውን አውሬ ሳምንቱን ሙሉ ወዲያ ወዲህ ያመላልሰዋል። አያ ጅቦን ግን በሁለተኛው ቀን መንገድ ላይ ያስቀረዋል።

ያ ሳምንት እንደ ሌላው ሳምንት አልነበረም። እሑድ ሠርጉ ነው። የሙሽሪት የአስካል ቤት ከከተማው ማዶ፣ ከዳገቱ አናት ላይ ነው። አባቷ ባላምባራስ ቆርጥመው ይባላሉ፤ ቃላቸውን የማያጥፉ ሽማግሌ ጅብ ናቸው። «ሙሽራው ከስድስት ሰዓት በፊት ከገባ እሰየው። ስድስት ሰዓት ካለፈ ግን በሬን ዘግቼ ሥጋዬን እበላለሁ፤ ልጄም ከእኔው ጋር ትቀራለች» ብለው ልከዋል። አያ ጅቦ አስካልን ከልቡ ይወዳታል። ገና ከከተማ ውጭ ዋሻ ውስጥ ሲኖር፣ እሷን ለማየት ሁለት ወንዝ ተሻግሮ በሩጫ ይመጣ ነበር። አሁን ግን ለጎረቤቱ ሁሉ «በመኪናዬ ነው የማመጣት» ብሎ አውርቷል።

ዓርብ ጠዋት ማደያ ተሰለፈ። ሰልፉ አደባባዩን ዞሮ የመጣ ረጅም ሰልፍ ነው። ሌላው ሁሉ ሞተሩን አጥፍቶ ጥላ ሥር ተቀምጧል። አያ ጅቦ ግን ሞተሩን አላጠፋም፤ ሰልፉ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ባለ ቁጥር ነዳጅ ይሰጥና ያስጮኻታል፣ ወዲያው ፍሬን ይይዛል።

በጀሪካን የተሞላ የውኃ ጋሪዋን እየጎተተች በዚያ የምታልፍ እትዬ አህይት አየችውና ቆመች።

«አያ ጅቦ፣ ብታጠፋው ምን አለበት? ቤንዚን ለመቅዳት ተሰልፈህ ያለህን ቤንዚን ትጨርሳለህ እኮ!» አለችው።

«ካጠፋኋትማ ማን ይሰማታል?» አለ አያ ጅቦ።

«እሑድ ሠርግህ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ለአስካል ስል አንድ ነገር ልምከርህ፤ ክፍያ የለውም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጋሪ ስጎትት ነው የኖርኩት። ጭነቴ ሲቀል ጥቂት ገለባ ይበቃኛል። የጋሪው ጎማ ሲተነፍስ ይከብደኛል። ስሮጥና ስቆም፣ ስሮጥና ስቆም የዋልኩ ቀን የቀረበልኝ ሁሉ አያጠግበኝም፤ በአንድ ዓይነት እርምጃ የሄድኩ ቀን ግን ሳልራብ እገባለሁ። የመኪናም ሆድ እንደኔው ሆድ ነው። ከኋላ የጫንከውን አውርድ፣ ጎማህን ነፋስ አስሞላ፣ እግርህን አለስልስ። መብራቱ ቀይ መሆኑን ከሩቅ ካየህ ደግሞ ነዳጁን ቶሎ ተወው፤ ለመቆም ምን ያጣድፋል? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

አያ ጅቦ አገጩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «ኧረ ጉድ በሉ! ምሳዬ መካሪ ሆኖ መጣ!» አለና ዞር ብሎ ሰልፈኛውን አየ፣ የሳቀ ካለ ብሎ።

እትዬ አህይት የጅብን ሳቅ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ጋሪዋን ይዛ ፈቀቅ አለች።

አያ ጅቦ ሃያ ሊትሩን እንደቀዳ በቀጥታ ወደ ቀበሮ ጋራዥ ከነፈ። ቀበሮ የሞተር ኮፈኑን ከፈተ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ወደ ውስጥ ተመለከተ፣ አንዴ በሐዘን፣ አንዴ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። አንድም ነገር አልነካም።

«ቀበሮ ወንድሜ፣ ይህች ሃያ ሊትር እስከ እሑድ እንድታደርሰኝ አድርግልኝ» አለው አያ ጅቦ። «አህያ እንኳ እግርህን አለስልስ ብላኛለች።»

«አህያ!» አለ ቀበሮ፣ በድንጋጤ ኮፈኑን ሊጥለው ትንሽ ቀረው። «አያ ጅቦ፣ ይህች መኪና እኮ ክብር ነው የምትፈልገው። አንተም እንደዚያው። እግር ማለስለስ የጋሪ ሕግ ነው።»

ከመደርደሪያው አረንጓዴ ውኃ የሞላባት ጠርሙስ አወረደ። «ይኸውልህ፣ የቤንዚን እርሾ። ሊጥ በእርሾ ኩፍ ይል የለ? ቤንዚንም እንደዚያው ነው። ሁለት ጠብታ ጣል ታደርግና አንዱ ሊትር ሦስት ሊትር ይሆንልሃል።»

አያ ጅቦ ዓይኑ በራ። ዋጋዋ አንድ የጎድን አጥንት ነበር፤ ከፈለ። ከዚያ ቀበሮ «ነፋሱ ከኋላ እንዲገፋህ» ብሎ ከቆርቆሮ የተቆረጠ ክንፍ ሰካላት፤ ሁለት ጎድን ወሰደ። ቀጥሎ «በደንብ ስትተነፍስ ይቀላታል» አለና የጭስ ማውጫዋን በመዶሻና በሚስማር በሳሳው። ለዚህኛው ቅልጥም ጠየቀ።

ክፍያው የሚወጣው ከመኪናዋ ከኋላ ካለው ሳጥን ነው። እዚያ ውስጥ ሁለት ኩንታል አጥንት ታጭቋል፤ የኋላ ጎማዎቹ ከክብደቱ የተነሣ ተጨፍልቀዋል።

«ይህን ሁሉ ይዘህ ነው የምትዞረው?» አለ ቀበሮ።

«ታዲያ ቤት ልተወው? ሰፈሩ ሁሉ ውሻ ነው!»

ቀበሮ ክብደቱ ሳይገባው ቀርቶ አይደለም። ግን ደንበኛው አጥንቱን ቤቱ አስቀምጦ ከመጣ እሱ ምን ሊበላ ነው? «ደግ አድርገሃል» አለ። «ጭነት መኪናን መሬት ያስይዛታል። ለመሆኑ ሚዜህ ማነው?»

በዚህ ዓይነት ቀበሮ አንደኛ ሚዜ ሆነ።

እሑድ አምስት ሰዓት ሲሆን አያ ጅቦ ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ነጭ አበባ ደረቱ ላይ ሰክቶ መሪውን ጨበጠ። ቀበሮ ከጎኑ ተቀመጠ። መኪናዋ በተበሳሳው ጭስ ማውጫ ስታጓራ የሰፈሩ ዶሮዎች ቆጥ ላይ ወጡ። በሁለቱ የትራፊክ መብራቶች መካከል ያለችውን ሁለት መቶ ሜትር እየበረረ ጨረሳትና ቀዩ መብራት ላይ ሲጢጥ አድርጎ አቆማት። ኤሊ በእግሯ ደረሰችበት። በየፍጥነት መግቻው ላይ ደግሞ የመኪናዋ ሆድ እየተቀረቀረ፣ ቀበሮ እየወረደ በአንድ ጣቱ ሲገፋ፣ ብዙ ጊዜ ሄደ።

በጋራ ሥር ሙሽራ አደባባዩን ሳይዞር አያልፍም። ደንቡ ሦስት ዙር ነው።

«ሦስት ዙርማ በተከራየ ሚኒባስ የሚያገባ ነው የሚዞረው» አለ ቀበሮ። «አንተ አሥራ ሁለት ካልዞርክ እኔ ሚዜህ አይደለሁም።»

አሥራ ሁለት ጊዜ ዞረ። ክላክሱን እየነፋ፣ ጎማውን እያስጮኸ፣ ለሚያጨበጭበው ሁሉ እጁን እያወዛወዘ ዞረ። በዘጠነኛው ዙር ከመሪው ሥር አንዲት ትንሽ መብራት በራች።

«ቀበሮ ወንድሜ፣ ይሄ ቀይ መብራት ምንድን ነው?»

«ከቀለሟ ጋር እንዲሄድ ነው» አለ ቀበሮ።

ከዳገቱ ግርጌ ሲደርሱ መኪናዋ ሁለት ጊዜ አሳላት፣ ተንቀጠቀጠችና ቀጥ አለች። አያ ጅቦ እርሾውን ሙሉውን ገለበጠባት፤ ንቅንቅ አላለችም። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። የባላምባራስ በር ከላይ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ይታያል። ከዚያ ድረስ ቢበዛ አራት መቶ እርምጃ ነው።

«እኔ ቀደም ብዬ መምጣትህን ላብሥር» አለ ቀበሮ። ለአማቶች እጅ መንሻ ይሆናል ብሎ ትልቁን ጎድን ከሳጥኑ መዘዘና ዳገቱን በሶምሶማ ወጣው። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ትንሽ ቆይቶ እትዬ አህይት ባዶ ጋሪዋን እየጎተተች መጣች። አያ ጅቦን አየች፣ ቀና ብላ በሩን አየች፣ ቀጥሎ ፀሐይዋን አየች።

«ምን ትሠራለህ እዚህ? ሩጥ እንጂ!» አለችው። «በአንተ እግር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም!»

«ያለ መኪና? አማቶቼ ምን ይሉኛል?» አለ አያ ጅቦ። «እባክሽ እትዬ፣ አንቺ ጎትቺኝ!»

እትዬ ብሎ ሲጠራት ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። አህይት አንጀቷ አልችል አለ፤ ሠርግ ነው፤ አስካልም ውኃ ስታደርስላት ሁልጊዜ በደግነት ትቀበላት ነበር።

«እሺ። ግን አጥንቱን አውርድ። አንተም ውረድና ከፊት ከፊቴ ሂድ፤ ከኋላዬ ግን እንዳትሆን፣ ምክንያቱን ታውቀዋለህ።»

«አጥንቴን መንገድ ላይ? ሙሽራ ሆኜስ በእግሬ?» አለ። በሩን ዘግቶ መሪውን ጨበጠ።

አህይት ጋሪዋን ዳር አቁማ ገመዷን ከመኪናዋ ጋር አሰረች። መኪናዋን፣ ሁለት ኩንታል አጥንቱን፣ የቆርቆሮ ክንፉንና ሙሽራውን ይዛ ዳገቱን ጀመረችው። አንድ እርምጃ፣ ዕረፍት፤ አንድ እርምጃ፣ ዕረፍት። ላቧ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። አያ ጅቦ በመስኮት ብቅ እያለ «በርቺ! ነዳጅ ስጪው!» ይላል። ገና ሩቡን ሳይጨርሱ ከላይ የከባድ መቀርቀሪያ ድምፅ ተሰማ። ስድስት ሰዓት ሆኗል።

ያን ጊዜ አያ ጅቦ ከመኪናው ዘሎ ወረደና ሮጠ። እውነትም ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። በሩን ቢደበድብ የሚከፍት አጣ፤ ከውስጥ የቀበሮ የምርቃት ድምፅ ብቻ ይሰማል። በመጨረሻ አስካል በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«አስካልዬ፣ መኪናዋ እኮ ነዳጅ ጨርሳብኝ…»

«ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ቆሜ ነበር» አለችው። «ግርጌው ላይ ስትቆም አይቼሃለሁ። አህያዋ ሩጥ ስትልህ ድምፅዋ እዚህ ድረስ ተሰምቷል። መኪና ሳይኖርህ ሁለት ወንዝ ተሻግረህ ትመጣልኝ ነበር። እኔ የወደድኩት ያንን እግርህን ነበር። ዛሬ አራት መቶ እርምጃ በዛብህ?»

አያ ጅቦ አለቀሰ። እሷም እያለቀሰች ከአጥሩ ወረደች።

ተመልሶ ሲመጣ አህይት ገመዷን እየፈታች ነበር። በመኪናዋ አጠገብ አልፎ፣ አጥንቱን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ፣ በእግሩ ወደ ቤቱ ወረደ። ጅብ አጥንት ጥሎ ሲሄድ የታየው ያን ቀን ብቻ ነው። ውሾቹም እንደ ልማዳቸው እስኪርቅ ጠብቀው መጮህ ጀመሩ። ቤቱ ሲደርስ ግማሽ ሰዓት አልሞላም ነበር።

ከዚህ የምንማረው ቤንዚን የሚጨርሰው ሞተሩ ሳይሆን እዩኝ እዩኝ የሚለው እግር መሆኑን፣ ይህንን የእዩኝ እዩኝ ጭነት ከመኪናው ያላወረደ ደግሞ ሃያ ሊትር ቀርቶ ሙሉ ማደያው ቢቀዳለት ዓይኑ እያየ የሚወደው ደጃፍ እንደሚዘጋበት ነው።